የሞተው ፋይል ተከፈተ፣ አዲሱ እምቢ አለ

አሮጌ ሃርድ ዲስክ እያጸዳሁ ነበር። የማይረባውን እየጣልኩ፣ የሚረባውን ወደ አዲሱ እያዛወርኩ። አንዱ ፎልደር ውስጥ ሁለት ቪዲዮዎች አገኘሁ። ሁለቱም ድሮ ሳወርዳቸው ኔትወርክ ተቋርጦ በግማሽ የቀሩ ናቸው። የአንድ መምህር የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኤፍኤልቪ ነው፤ ያ የድሮው የፍላሽ ቪዲዮ። ሁለተኛው ክፍል ከዓመታት በኋላ የወረደ ኤምፒ4 ነው። ትምህርቱ የነበረበት ገጽ ዛሬ የለም። ስለዚህ ያሉኝ እነዚህ ሁለት ግማሾች ብቻ ናቸው።

ኤምፒ4ቱን አስቀድሜ ነካሁት። ማጫወቻው ትንሽ አሰበና ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ተዘጋ። በሌላ ማጫወቻ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ኤፍኤልቪውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላወቀውም። በምን ልክፈተው ብሎ ጠየቀኝ። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈተው አልኩት። መምህሩ ሰሌዳ ፊት ቆመው ብቅ አሉ! ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው በጭንቅ ይነበባል። ግን ይናገራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ። 31ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ቃል ጀምረው ሳይጨርሱ ቪዲዮው ቀጥ አለ። ከታች ያለው መስመር ግን ገና 17 ደቂቃ ይቀራል ይላል።

ለሥራ ባልደረባዬ አወራሁት። ኮምፒውተር ላይ የሚታመን ሰው ነው። ‹‹ኤፍኤልቪ? እሱማ ሞቷል እኮ። በ2020 ነው የቀበሩት። ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው›› አለኝ።

‹‹ግን ተከፈተ።››

‹‹አጋጣሚ ነው።››

ይሄ አጋጣሚ የሚሉት ነገር አልዋጥልኝ አለ። ሁለቱም ፋይሎች ግማሽ ናቸው። ሁለቱም የተቋረጡት ሳይታሰብ ነው። ሞተ የተባለው እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ሰጠኝ። በሕይወት ያለው አንዲት ሰከንድ እንኳ አልሰጠኝም። ነገሩ ቢገለበጥ ኖሮ ማንም አይገርመውም ነበር፤ አሮጌ ነው ብለን እናልፈው ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ሌላ ሥራ እየሠራሁ እንኳ ጥያቄው ይመላለስብኝ ጀመር።

የሞተው ማን ነው?

የፍላሽን ታሪክ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ያኔ ኢንተርኔት የተጠቀመ ሁሉ ‹‹ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ›› የሚለውን መልእክት አይረሳውም። ግን አብረው የተቀበሩ ነገሮች ስላሉ አንዴ መለያየት ያስፈልጋል። ፍላሽ ስንል በአንድ ስም የምንጠራቸው ቢያንስ ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ማጫወቻው ነው፤ ብራውዘር ላይ የሚሰካው ፍላሽ ፕሌየር። ሌላው ኤስደብሊውኤፍ ነው፤ አኒሜሽኑ፣ ጨዋታው፣ አዝራሩ፣ ውስጡ ኮድ ያለበት ፕሮግራም። ሦስተኛው ኤፍኤልቪ ነው። እሱ ውስጥ የሚታዘዝ ነገር የለም። የያዘው ምስልና ድምፅ ነው፤ ቢበዛ ስለነሱ የተጻፈ ትንሽ ማስታወሻ።

አዶቢ በጁላይ 2017 ፍላሽን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ያቆመው ማጫወቻውን ነው። ድጋፉ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አበቃ። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ምንም አላሳይም እንዲል ተደርጎ ነበር። የቀብሩ ምክንያትም የማጫወቻው ነው። የደህንነት ቀዳዳው አያልቅም ነበር። አንዱ ሲደፈን ሌላው ይከፈታል። ስቲቭ ጆብስ በኤፕሪል 2010 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ባትሪ ይበላል፣ በጣት ለሚነካ ስክሪን አልተሠራም፣ በአንድ ኩባንያ እጅ ያለ ነገር ነው እያለ የዘረዘረው በዋናነት ስለዚሁ ማጫወቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው በፋይል ስም መጨረሻ ላይ ኤፍኤልቪ የሚል ቅጥያ ባየ ቁጥር መሸሽ ጀመረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ማጫወቻው ቫይረስ አስገባ ተብሎ ምንም የማያዝዘው ፋይል አብሮ ተፈረደበት።

የጥራቱ ወሬም እንደዚሁ ነው። ‹‹ኤፍኤልቪ ደብዛዛ ነው›› ይባላል። ዩቲዩብ በ2005 ሲጀምር የሚያሳየው 320 በ240 የሆነ ምስል ነበር፤ ድምፁም ሞኖ ኤምፒ3። ምስሉ የተጨመቀው ሶረንሰን ስፓርክ በሚባል ኮዴክ (ምስል ወይም ድምፅ የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ) ነው፤ ለቪዲዮ ስልክ ጥሪ የታሰበው የኤች.263 ዘመድ። ደብዛዛነቱ ከዚያ ይመጣል። በዚያው ዓመት ከፍላሽ 8 ጋር የኦን2 ኩባንያ ኮዴክ፣ ቪፒ6 መጣ። በዲሴምበር 2007 ደግሞ ለምስል ኤች.264፣ ለድምፅ ኤኤሲ ተጨመሩ። እነዚህ ዛሬ ኤምፒ4 ውስጥ የምናገኛቸው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ ኤፍኤልቪ ፋይል ዛሬ ስልክህ ላይ ካለው ኤምፒ4 ጋር አንድ ዓይነት ምስል ሊይዝ ይችላል። ቅጥያው የሚነግርህ መያዣውን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን እነዚህን ፋይሎች ያገኘናቸው በመደበኛው በር አልነበረም። ፍላሽ ቪዲዮውን ሲያጫውት ብራውዘሩ ጊዜያዊ ፎልደሩ ውስጥ ይጥለው ነበር። እዚያ ገብቶ ፋይሎቹን በመጠን ደርድሮ፣ ትልቁን ለይቶ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ስሙን መቀየር ነው። ቅጥያ እንኳ አይኖረውም፤ ‹ነጥብ ኤፍኤልቪ› ብሎ የሚጨምርለት ሰውየው ራሱ ነው። ያኔ እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጠር ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም ትንሽ ይመስለኛል።

እስከ መጨረሻው ባይት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የፎርማቱ ዝርዝር ሰነድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አዶቢ በሜይ 2008 ገደቦቹን አንስቶለታል። ሰነዱን በአንድ በኩል፣ ፋይሉን ጥሬ ባይት በሚያሳይ ፕሮግራም በሌላ በኩል ከፍቼ ተቀመጥኩ። ይሄን ለማድረግ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ 70፣ 76፣ 86። ኤፍ፣ ኤል፣ ቪ የሚሉት ፊደላት ናቸው። ፋይሉ ስሙን ራሱ ይናገራል፤ ቅጥያውን ብታጠፋበትም ማንነቱ አይጠፋም። ቀጥሎ 1 አለ፤ የፎርማቱ ቅጂ ቁጥር። ቀጥሎ 5። ይሄ የሁለት ቁጥር ድምር ነው፤ 4 ድምፅ አለ ማለት ነው፣ 1 ምስል አለ። ከዚያ በአራት ባይት የተጻፈ 9፤ የመግቢያው ርዝመት። አለቀ። ዘጠኝ ባይት ብቻ ነው መግቢያው። ምን ያህል ይረዝማል፣ ስንት ፍሬም (ተከታትለው ቪዲዮ የሚሆኑት ነጠላ ምስሎች) አለው፣ የት ያበቃል የሚል ነገር የለም።

ከዚያ አራት ዜሮዎች። እነሱን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ኤፍኤልቪ ታግ በሚባሉ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ታግ ካለፈ በኋላ ‹‹አሁን ያለፈው ይህን ያህል ባይት ነበር›› የሚል የአራት ባይት ቁጥር ይከተለዋል። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ዜሮዎች ‹‹ከእኔ በፊት ምንም አላለፈም›› ማለት ናቸው። ፋይሉ ገና አንድ ፍሬም ሳያሳይ ወደ ኋላ መቁጠር ጀምሯል።

ከዚያ ታጎቹ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው 11 ባይት መግቢያ አላቸው። የመጀመሪያው ባይት ዓይነቱን ይናገራል፤ 8 ከሆነ ድምፅ፣ 9 ከሆነ ምስል፣ 18 ከሆነ መረጃ። ሦስት ባይት መጠኑን ይናገራል። ቀጥሎ ይዘቱ በስንተኛው ሚሊሰከንድ ላይ መታየት ወይም መሰማት እንዳለበት። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ዜሮ የሆኑ ሦስት ባይቶች። ከዚያ ይዘቱ። ከዚያ ያ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ቁጥር። ከዚያ ሌላ ታግ። 9፣ 8፣ 8፣ 9፣ 8… እያለ ይቀጥላል። ሌላ ምንም የለም። ቪዲዮው በሙሉ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄዬ ሊመለስ እንደሆነ ገባኝና ወደ ፋይሉ መጨረሻ ወረድኩ። ኔትወርኩ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ማለት ነው። የመጨረሻው ታግ 9 ይላል፤ ምስል ነው። መጠኑን ይናገራል፣ ጊዜውን ይናገራል፣ ይዘቱ ይጀምራል። ከዚያ ፋይሉ ያልቃል። ቃል የገባውን ያህል ባይት የለም። ከሱ በፊት ያለውን ታግ አየሁ፤ ሙሉ ነው። መዝጊያ ቁጥሩን ከመጠኑ ጋር አመሳከርኩት፤ ይዘቱ ሲደመር 11፣ ልክ ነው። በመዝጊያ ቁጥሩ ወደ ኋላ ዘለልኩ፤ የዚያ ታግ መጀመሪያ ላይ አረፍኩ። ከሱ በፊት ያሉትን አራት ባይቶች አነበብኩ፤ እንደገና ዘለልኩ። እንዲህ እያሉ እስከ እነዚያ አራት ዜሮዎች ድረስ መመለስ ይቻላል።

ቆም ብዬ አሰብኩበት። መቋረጡ የጎዳው አንድ ታግ ብቻ ነው። አንድ ፍሬም። ከሱ በፊት ያለው አንዱም ቢሆን መጨረሻውን አይፈልግም። እያንዳንዱ ታግ እኔ ማን ነኝ፣ ስንት ነኝ፣ መቼ ነው የምታየው የሚለውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ይሄ ፋይል ያለፈውን ያውቃል፣ አሁን ያለበትን ያውቃል፣ የሚመጣውን ግን አያውቅም፤ ሊያውቅም አልተሠራም። ስለዚህ ‹‹ግማሽ ኤፍኤልቪ›› የሚባል ነገር በአወቃቀር ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። አጭር ኤፍኤልቪ ነው ያለው።

ታዲያ ያ 17 ደቂቃ ይቀራል የሚለው ከየት መጣ? ከመጀመሪያው ታግ፣ ከ18ቱ። እሱ ውስጥ የቪዲዮው ስፋት፣ ቁመት፣ ርዝመት የተጻፈበት ማስታወሻ አለ። ቪዲዮውን ያዘጋጀው ወገን ሙሉውን ይዞ ስለነበር 48 ደቂቃ ብሎ ጽፎበታል። ማስታወሻው ግዴታ አይደለም፤ ባይኖርም ቪዲዮው ይጫወታል። የመጨረሻው ሙሉ ታግ ጊዜ ደግሞ 31 ደቂቃ ነው የሚለው። ማስታወሻው የታሰበውን ይናገራል፣ ታጉ የደረሰውን። ማጫወቻው መስመሩን የሣለው በማስታወሻው ነው፣ ያጫወተው ግን በታጎቹ።

እንዲህ አድርገው ለምን ሠሩት? መልሱ ያለው ከየት እንደመጣ በማየት ይመስለኛል። ማክሮሚዲያ (አዶቢ ከመግዛቱ በፊት የፍላሽ ባለቤት) በ2002 ፍላሽ ፕሌየር 6ን ሲያወጣ ቪዲዮ ጨመረበት። በዚያው ሰሞን ከካሜራ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰርቨርም አወጣ። ቀጥታ ስርጭት ላይ መጨረሻው አይታወቅም። ሰውየው መቼ ካሜራውን እንደሚያጠፋ ሰርቨሩ በምን ያውቃል? ገና ያልተፈጠረ ፍሬም መጠኑ አይጻፍም። ያለህ ምርጫ አንድ ነው፤ የመጣውን እንደመጣ መላክ። ፋይሉ የዚያ ስርጭት ቅጂ ሆነ። በዘገምተኛ ኔትወርክ ለሚያይ ሰውም ይሄው ጠባይ ጠቀመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የወረደችው ያህል ትታያለች፤ ቀሪው እየደረሰ ይቀጥላል።

አንድ ያሳቀኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የታጉ ጊዜ በሦስት ባይት ነው የሚጻፈው። ሦስት ባይት በሚሊሰከንድ ሲቆጠር 4 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ላይ ይሞላል። ለአጭር የካርቱን ቪዲዮ ይተርፋል። ቀኑን ሙሉ ለሚተላለፍ ስርጭት ግን አይበቃም። ስለዚህ አራተኛ ባይት አለ፤ ከሱ ጋር ቁጥሩ ከ24 ቀን በላይ ይደርሳል። የት እንዳስቀመጡት እዩልኝ። በዚህ ፎርማት ቁጥር ሁሉ ከትልቁ ባይት ወደ ትንሹ ነው የሚጻፈው። ይሄኛው ትልቁ ባይት ግን ከሦስቱ በኋላ ተቀምጧል። የቁጥሩ ራስ ከእግሩ በታች! አንባቢው ፕሮግራም አራተኛውን አንስቶ ከፊት ማድረግ አለበት። ዘግይቶ የተጨመረ መሆኑ ያስታውቃል። ደግሞም የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ ቦታው ዜሮ ከሆነ አሮጌው ፋይል ሁሉ እንደነበረው ይነበባል። ሰነዱ ይሄን በደረቁ ያልፈዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይቺን ባይት ነው። ንድፍ ያወጣ ሰው እንዲህ አያደርግም። አስቀድሞ የተሸጠ ነገር ላይ የሚሠራ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ማውጫው ያልደረሰ መጽሐፍ

ከዚያ ኤምፒ4ቱን በዚያው ፕሮግራም ከፈትኩት። ጅማሬው ላይ ዓይነቱን የሚናገር አጭር ክፍል አለ። ቀጥሎ ‹ኤምዳት› የሚባለው ትልቁ ክፍል ይጀምራል፤ የምስሉና የድምፁ ባይቶች እዚያ ነው ያሉት። መጠኑን ይናገራል፤ የተናገረው መጠን ከፋይሉ ራሱ ይበልጣል። ከዚያ ፋይሉ ያልቃል። ‹ሙቭ› የሚባለውን ክፍል ፈለግኩት። የለም።

ነገሩ ሁሉ እሱ ነበር። ኤምፒ4 ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም የት እንደሚጀምር፣ ስንት ባይት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚታይ የሚናገረው ሙቭ ነው። ምስሉን ለመፍታት የሚያስፈልጉት ቅንብሮችም ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸው። ኤምዳት ውስጥ ያለው ምዕራፍም ገጽም ቁጥርም የሌለበት፣ ክፍተት እንኳ የሌለበት ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ማውጫው ተለይቶ መጨረሻ ላይ ይታተማል። ሙቭ መጨረሻ ላይ የሚመጣው በክፋት አይደለም። የሁሉም ፍሬም መጠን የሚታወቀው ሁሉም ተጽፎ ሲያልቅ ነው። ለኢንተርኔት የሚያዘጋጅ ሰው በኋላ ወደ ፊት ያመጣዋል። የኔን ፋይል ያዘጋጀው ሰው አላመጣውም። መምህሩ እዚያ ውስጥ አሉ፤ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ባይታቸው ደርሷል። የትኛው ባይት የትኛው እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ከዚያው ምንጭ፣ በዚያው ቅንብር የተሠራ ጤነኛ ፋይል ካለ በሱ እየገመቱ ለማዳን የሚሞክሩ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ ጋ የለም።

ይሄን ሳይ ለኤፍኤልቪ ጥብቅና ልቆም ዳድቶኝ ነበር። ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ኤምፒ4 ማውጫ ስላለው 40ኛው ደቂቃ ላይ ውሰደኝ ስትለው በቀጥታ ይወስድሃል። ኤፍኤልቪ ማውጫ ስለሌለው ታጎቹን አንድ በአንድ እየዘለለ መሄድ አለበት። ለዚህ ነው ሰዎች በኋላ ላይ የቁልፍ ፍሬሞችን (ሌላ ፍሬም ሳይጠብቁ ራሳቸውን ችለው የሚታዩትን) ቦታ ዝርዝር በዚያች ማስታወሻ ውስጥ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች የሠሩት። ማውጫ በጓሮ በር ማስገባት ነው። ደግሞ ኤፍኤልቪ አንድ ምስልና አንድ ድምፅ ይዞ ነው የኖረው። ሁለት ቋንቋ፣ የግርጌ ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለውን ኤምፒ4 በቀላሉ ይይዛል። ማሸነፉ ይገባዋል።

የሚገርመው ግን ካሸነፈ በኋላ የሆነው ነው። ዛሬ በብራውዘር የምናየው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ኤምፒ4 አይደለም። እየተቆራረጠ የሚላክ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ትንሽ ማውጫ ይዞ ይመጣል። ቁራጩ ከደረሰ ይታያል፤ ቀጣዩ ባይመጣም ያለፈው አይጠፋም። የት እንዳየሁት ታውቃላችሁ። ስክሪን የሚቀርጹ ሰዎችም ይሄን በችግር ተምረውታል። ኦቢኤስ የሚባለውን ፕሮግራም የተጠቀመ ሁሉ ‹‹በኤምፒ4 አትቅረጽ፣ መብራት ቢጠፋ ሁሉንም ታጣለህ፤ በኤፍኤልቪ ወይም በኤምኬቪ ቅረጽ›› የሚለውን ምክር ሰምቷል (ኤምኬቪም ሌላ የቪዲዮ መያዣ ነው)። ኦቢኤስ መቋረጥን የሚቋቋም የኤምፒ4 ዓይነት ያመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በሌላ ስም መኖር

ለባልደረባዬ ይሄን ሁሉ ስዘረግፍለት ዝም ብሎ ሰማኝና ‹‹እሺ፣ የድሮ ፋይል ማንበብ ይቻላል። ግን ማን ይጠቀምበታል አሁን?›› አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልሱ የታጉን ዓይነት የሚናገሩት እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ጋ ነው። 8 ድምፅ፣ 9 ምስል፣ 18 መረጃ። አርቲኤምፒ የሚባለውን የቀጥታ ስርጭት ፕሮቶኮል ሰነድ ብትከፍቱ እነዚሁ ቁጥሮች እዚያ አሉ፤ በዚያው ትርጉም። ሁለቱም ከአንድ ቤት ነው የወጡት። የኤፍኤልቪ ታግ ውስጥ ያለው ይዘትና የአርቲኤምፒ መልእክት ውስጥ ያለው ይዘት አንድ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ከኮምፒውተሩ ወደ ዩቲዩብ ወይም ወደ ሌላ መድረክ ላይቭ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚልከው በአርቲኤምፒ ነው። ከሰውየው ኮምፒውተር እስከ መድረኩ ሰርቨር ድረስ የሚሄደው ነገር ቅጥያው የተነጠቀ ኤፍኤልቪ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ተመልካቹ ጋ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ስለሚደርስ አያውቀውም።

ጡረታ የወጣ ነገርም አይመስልም። በ2023 ቬኦቬራ በሚባል ድርጅት በኩል የተሻሻለ አርቲኤምፒ ወጥቷል። እንደ ኤችኢቪሲ፣ ቪፒ9 እና ኤቪ1 ያሉ አዳዲስ ኮዴኮች የሚገቡበት መንገድ ተሠርቶለታል። ያ የድሮው የምስል ታግ የመጀመሪያ ባይት ግማሹን ለፍሬም ዓይነት፣ ግማሹን ለኮዴክ ቁጥር ነበር የሚያውለው፤ ለኮዴክ አራት ቢት ብቻ። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ በር ከፍተው ነው አዲሶቹን ያስገቧቸው። ከላይ ያልኩት አራተኛ ባይት ዓይነት ሥራ ነው።

ሌላም አለ። የቻይናው የቪዲዮ ድረ ገጽ ቢሊቢሊ በ2016 ኤፍኤልቪን ያለ ፍላሽ፣ ብራውዘር ውስጥ የሚያጫውት የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። አሠራሩን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ኤፍኤልቪው እየወረደ ሳለ ታጎቹን ይፈታና፣ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ወደተቆራረጠ ኤምፒ4 እየለወጠ ለብራውዘሩ ይሰጠዋል። ምስሉ አይነካም፤ መያዣው ብቻ ነው የሚቀየረው።

‹‹ታዲያ የኔን የድሮ ኤፍኤልቪ ለምን አጠፋሁት?›› አለ ባልደረባዬ። የሱን መልስ አላውቅም።

ፎልደሩ ውስጥ ያሉት

እንደኔው አሮጌ ፎልደር ያለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ልበለው። ‹‹ሁሉንም ወደ ኤምፒ4 ቀይር›› የሚለውን ምክር እንዳለ አትቀበል። መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ እይ። ቪኤልሲ ይነግርሃል፣ ቪዲዮ የሚያነበውና የሚቀይረው ነፃ ፕሮግራም ኤፍኤፍኤምፔግም ይነግርሃል። ኤች.264 እና ኤኤሲ ከሆነ ደስ ይበልህ፤ ኤፍኤፍኤምፔግ ምስሉን ሳይነካ ከአንዱ መያዣ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ዓይን ጨፍነህ እስክትገልጥ ያልቃል፣ ጥራቱም ያው ነው። ስፓርክ ወይም ቪፒ6 ከሆነ ግን ኤምፒ4 ውስጥ ቦታ የላቸውም። ወደ ኤምፒ4 ሲቀየሩ ምስሉ ተፈትቶ እንደገና ይጨመቃል። አንዴ ብዙ ነገር የተጣለበት ደብዛዛ ምስል ሁለተኛ ጊዜ ሲጣልበት ምን እንደሚሆን አስበው። የመምህሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር የሚነበበው ለጥቂት ነው። ሞከርኩት፤ ከተቀየረ በኋላ 3ቱና 8ቱ አይለዩም። ስለዚህ እነዚያን እንዳሉ ተውኳቸው። ለስልክ የሚሆን ቅጂ ካስፈለገኝ ከጎን እሠራለሁ፤ ዋናው ግን አይጠፋም።

ስክሪን ሲቀረጽ ብቻ የሚያገለግል የራሱ ኮዴክ ያላቸውም አጋጥመውኛል። ድምፃቸው ኔሊሞዘር በሚባል፣ ለማይክሮፎን ንግግር በተሠራ ኮዴክ የተጨመቀም አለ። ኤፍኤፍኤምፔግ ሁሉንም ፈታቸው። ብዙዎቹን እንዲህ ማንበብ የተቻለው ሰነድ ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ሰነድ በሌላቸው ጊዜ ቁጭ ብለው ባይት በባይት የፈቱ በጎ ፈቃደኞች ስለነበሩ ነው።

ያስቸገሩኝ ኤስደብሊውኤፎቹ ናቸው። እነሱ ፕሮግራም ስለሆኑ የሚያስኬዳቸው ማሽን ያስፈልጋል፤ የፍላሽ ፕሌየር መሞት በትክክል የገደለው እነሱን ነው። ሩፍል የሚባል፣ በረስት ቋንቋ የተጻፈ ምትክ ማጫወቻ አለ። ኢንተርኔት አርካይቭም በኖቬምበር 2020፣ ልክ ቀብሩ ሊደርስ ሲል፣ የፍላሽ አኒሜሽኖችንና ጨዋታዎችን በሱ ማሳየት ጀምሯል። የኔዎቹን በሩፍል ከፈትኳቸው። አንዳንዶቹ በደንብ ሠሩ። አንዳንዶቹ ግን አዝራሩ ይነካል፣ መስመሩ ይታያል፣ መሃሉ ጥቁር ነው። ምክንያቱ ሲታይ ቀላል ነው። ኤስደብሊውኤፉ የቪዲዮ ማጫወቻ ቅርፊት ብቻ ነበር፤ ኤፍኤልቪውን ከሰርቨር ነበር የሚያመጣው። ሰርቨሩ ደግሞ የለም። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ኤስደብሊውኤፉን የሚፈታ ፕሮግራም ፈልጉና የኤፍኤልቪውን አድራሻ ከውስጡ አውጡ፤ ወይ ኮዱ ውስጥ ተጽፏል፣ ወይ ድሮ የነበረበት ገጽ ኮድ ውስጥ ይገኛል። አድራሻውን እንዳለ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ፈልጉት። እኔ የተወሰኑትን አግኝቻለሁ። አንደኛው እዚያም ሲቀመጥ ተቋርጦ የቀረ ነው፤ እስከደረሰበት ድረስ ይጫወታል።